የወገብ ሕመም፦ የትኛውን እንታገሠው፣ የትኛውን ወደ ሐኪም እንውሰደው?

በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ በነርስነት የምታገለግል አንዲት አባላችን ያቀረበችው ንግግር



ባለፈው ስብሰባችን «ስለ የትኛው ሕመም እንድንነጋገር ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከየመቀመጫው የተሰማው መልስ «ስለ ወገብ» የሚል ነበር። የሚያስገርም አይደለም። ከመካከላችን ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ እንጀራ ስትጋግር የምትውል አለች። በሳፋ ልብስ የምታጥብ፣ ጉልት ቁጭ ብላ የምትውል፣ ጥጥ የምትፈትል፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ልጆቿን ያሳደገች አለች። ቢጫው ጄሪካን 20 ሊትር ሲይዝ ውኃው ብቻውን 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ከቦኖ እስከ ቤቷ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የምታመላልስ ሴት ወገቤን አመመኝ ብትል ማን ይፈርድባታል?

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የትኛውን የወገብ ሕመም በቤት መታገሥ ይቻላል? የትኛው ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል? የትኛውስ ለነገ ሳይባል ወደ ሆስፒታል ያስሮጣል? ይህን ባለመለየታችን በሁለት በኩል እንጎዳለን። አንዳንዶቻችን እግራችን እየደነዘዘ፣ ሽንታችንን መቆጣጠር እያቃተን «ያልፋል» ብለን እንቀመጣለን። ሌሎቻችን ደግሞ በራሱ ጊዜ ለሚሻል ሕመም ከዕቁብ የወጣልንን ገንዘብ በሙሉ ለምርመራ እንከፍላለን። የመጀመሪያው እግር ያሳጣል፣ ሁለተኛው የሥራ መነሻ ገንዘብ ያሳጣል።

አብዛኛው የወገብ ሕመም አደገኛ አይደለም

የምሥራቹን ላስቀድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ይበዛል። ይሁን እንጂ ከአሥር ታማሚዎች በዘጠኙ ላይ ከጀርባው የተደበቀ ከባድ በሽታ አይገኝም። ጡንቻ ደክሞ፣ ጅማት ተስቦ ወይም የአከርካሪ መገጣጠሚያ ተቆጥቶ የሚመጣ ሕመም ነው። ሲጀምር መንቀሳቀስ ሊከለክል፣ ከአልጋ መነሣት ሊያቅት ይችላል። የሕመሙ ብርታት ግን ብቻውን የአደጋ ምልክት አይደለም። አብዛኛው በጥቂት ቀናት መለሳለስ ይጀምራል፣ በስድስት ሳምንት ውስጥም በእጅጉ ይሻላል።

እንዲህ ላለው ሕመም ዋናው መድኃኒት አልጋ ላይ መዋል አይደለም። ድሮ «ጠንካራ ፍራሽ ላይ ለሳምንታት ተኚ» ይባል ነበር። ዛሬ ግን ብዙ መተኛት ጡንቻን እንደሚያደክምና ማገገምን እንደሚያዘገይ ታውቋል። አንድ ሁለት ቀን ከባድ ሥራ መቀነስ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ በቤት ውስጥ መራመድ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አቀማመጥን መለወጥ፣ ሙቅ ውኃ በላስቲክ አድርጎ በጨርቅ ጠቅልሎ ወገብ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። ሕመሙ ሲቀል እንቅስቃሴውን መጨመር ነው።

ለነገ የማይባል

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ያዙልኝ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሌላውን ሁሉ ረስታችሁ ብትወጡ ይህን አትርሱ።

በአከርካሪ አጥንታችን ውስጥ ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ይወርድና ከወገባችን ከፍ ብሎ ያልቃል። ከዚያ በታች ነርቮቹ እንደ ፈረስ ጭራ ተዘርግተው ይወርዳሉ። እነዚህ ነርቮች እግርን፣ ሽንትን፣ ሰገራንና የብልትን አካባቢ ያዝዛሉ። የተንሸራተተ ዲስክ፣ ዕጢ ወይም መግል ሁሉንም በአንድ ላይ ከተጫናቸው ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ጫናው በቀዶ ሕክምና ቶሎ ካልተነሣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻልና የእግር መስነፍ ዕድሜ ልክ ሊቀሩ ይችላሉ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

– ሽንት አልመጣ ማለት፣ ፊኛ ሞልቶ ሳለ ስሜቱ አለመታወቅ ወይም ሳያስቡት ማምለጥ፤
– ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፤
– በቅሎ ብንቀመጥ ኮርቻው የሚነካን ቦታ ሁሉ፣ ማለትም በብልት፣ በፊንጢጣና በጭን ውስጠኛ ክፍል መደንዘዝ፤ ስንታጠብ የገዛ እጃችን ሲነካን አለመሰማት፤
– ሁለቱም እግሮች አንድ ላይ መድከም ወይም መደንዘዝ፤
– አንድ እግርም ቢሆን በድንገት መስነፍ፣ ጫማው መሬት እየተጎተተ እግርን ቀና ማድረግ አለመቻል፤
– ከፍታ ካለው ቦታ ወድቆ ወይም በመኪና ተገጭቶ የመጣ ከባድ የጀርባ ሕመም።

ከእነዚህ አንዱ ከታየ ወረፋ አይጠበቅም፣ ቅባት አይቀባም፣ ወጌሻ አይጠራም። የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። በመውደቅ ወይም በመኪና አደጋ የተጎዳች ሴትን ደግሞ አንሥተን ታክሲ ውስጥ አናጥፋት። በጠፍጣፋ ነገር ላይ ሳትተጣጠፍ እንድትነሣ አምቡላንስ እንጥራ። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ስለ ሽንትና ስለ ብልት መናገር ያሳፍረናል። በሕክምናው በኩል ግን ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት ይኸው ነው። አንዲት ሴት «ወገቤን» ብላ ብቻ ከገባች ማስታገሻ ተሰጥቷት ልትመለስ ትችላለች። «ከትናንት ጀምሮ ሽንቴ አይታወቀኝም» ካለች ግን የምታገኘው ምርመራ ፈጽሞ ሌላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ነው።

በጥቂት ቀናት ውስጥ መታየት ያለበት

ሁለተኛው ዓይነት ሕመም እንደ መጀመሪያው አያስሮጥም፣ ግን ሳምንታት አይሰጠውም። ይህ ከወገብ ሕመሙ ጀርባ ሌላ በሽታ እንዳለ የሚያስጠረጥር ነው።

የመጀመሪያው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ የሚመስለን ብዙ ነን። አጥንትንም ይይዛል፤ ከአጥንትም ሁሉ አብዝቶ የሚይዘው አከርካሪን ነው። ሳል ላይኖር ይችላል። ሕመሙ ቀስ ብሎ ይጀምርና በየሳምንቱ ይጨምራል፣ ተኝተውም ዕረፍት አይሰጥም። ማታ ማታ ያልባል፣ ያተኩሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ቀሚስ እየሰፋ ይሄዳል። ሲቆይ አጥንቱ ይሰበርና በጀርባ መካከል እንደ ጉብታ ብቅ ይላል፤ ኅብለ ሰረሰርን ከተጫነም እግር ይሰንፋል። እንዲህ ያለችው ሴት «ብርድ ነው» ተብላ ለወራት ስትታሽ ትቆይና ሰው ደግፏት ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣበት ጊዜ አለ። የሚያሳዝነው በሽታው የሚድን መሆኑ ነው። የቲቢ መድኃኒት በአገራችን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ለአከርካሪ ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ይወሰዳል። እግር ሳይሰንፍ የተጀመረ መድኃኒትና ከሰነፈ በኋላ የተጀመረ መድኃኒት ውጤታቸው አንድ አይደለም። ቤቷ ቲቢ የታመመ ሰው የነበረባት፣ ወይም ኤችአይቪ በደሟ ያለባት እኅት ደግሞ ከሌላው ሰው ቀድማ ትመርመር።

ሁለተኛው ከከብት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ ነው። ያልፈላ ወተት የሚጠጡ፣ ከብት የሚያልቡና የሚያዋልዱ ሰዎች ይይዛቸዋል። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ላብና የወገብ ሕመም ያስከትላል። ሐኪሟ እንድታስበው «ጥሬ ወተት እጠጣለሁ» ወይም «ከብት አረባለሁ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ካንሰር ነው። ቀደም ሲል የጡት ወይም ሌላ ካንሰር ታክማ የዳነች ሴት አዲስ የጀርባ ሕመም ከጀመራት፣ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ዓመታት ቢያልፉም ወደ ሐኪሟ ትመለስ።

አራተኛው የአጥንት መሳሳት ነው። የወር አበባ ካቆመ በኋላ አጥንት ይሳሳል። እንዲህ ያሉ እናቶች ከዱካ ላይ ተንሸራተው፣ አንዳንዴም ዕቃ ሲያነሡ ብቻ፣ የአከርካሪ አጥንታቸው ሊሰበር ይችላል። ለአስምም ሆነ ለቁርጥማት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደች ሴትም እንዲሁ ናት። ድንገት የጀመረ የመካከለኛ ጀርባ ሕመምና የቁመት ማጠር ወይም መጉበጥ ከታየ ራጅ ያስፈልጋል።

ወገብ መስሎን ወገብ ያልሆነ

ከጎን በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚያም፣ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር የመጣ፣ ሽንት ሲሸኑ የሚያቃጥል ሕመም የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ይህ ማሸት የሚያድነው አይደለም፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ለእርሷም ለፅንሱም አደገኛ ስለሆነ የዚያኑ ዕለት ትሂድ።

በእርግዝና ጊዜ ወገብን ማመም የተለመደ ነው። ነገር ግን ጊዜው ሳይደርስ ከሆድ መጠንከር ጋር እየመጣ እየሄደ በተራ የሚያም ከሆነ ምጥ ሊሆን ይችላል። ደም ወይም ውኃ ከፈሰሰም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

አንድ የምንደብቀው ሌላ ነገር አለ፤ የማህፀን መውረድ። ብዙ የወለዱ፣ ከባድ ሸክም የሚሸከሙ ሴቶች ላይ ይደርሳል። ሲቆሙና ሲሸከሙ ታች የሚጎትት፣ የሚከብድ፣ ወገብን የሚያም፣ ሲተኙ ቀለል የሚል ስሜት ይሰጣል። አንዳንዴ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ከብልት ይወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው የአጥንት ሐኪም ሳይሆን የማህፀን ሐኪም ነው። በስፖርት፣ በድጋፍ ቀለበት ወይም በቀዶ ሕክምና የሚረዳ ሕመም ነው። ባሏ እንዳይሰማ፣ ጎረቤት እንዳያውቅ ብላ ዓመታት በሥቃይ የኖረች እናት ካለች ዛሬውኑ ለነርስ ትንገር።

«ስወልድ ወገቤ ላይ በተሰጠኝ የማደንዘዣ መርፌ የተነሣ ነው» የምትሉም አላችሁ። መርፌው የገባበት ቦታ ለቀናት ሊያም ይችላል። ለዓመታት የሚቆይ የወገብ ሕመም ምክንያት ስለ መሆኑ ግን በጥናት ማስረጃ አልተገኘም። ይህን የምለው ትክክለኛው ምክንያት ሳይፈለግ እንዳይቀር ነው። ማደንዘዣው በተሰጠ በቀናት ውስጥ ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት ወይም የእግር መድከም ከመጣ ግን ወዲያው ወደ ወለደችበት ሆስፒታል ትመለስ።

ወደ ስፔሻሊስት መቼ?

ከላይ የጠቀስኳቸው ምልክቶች ከሌሉ የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያ ነው። ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው በአብዛኛው በሦስት ሁኔታ ነው። አንደኛ፣ በአግባቡ እየተንቀሳቀሱና እየታከሙ ስድስት ሳምንት አልፎ ሕመሙ ሳይሻል ሲቀር። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ከወገብ አልፎ በቂጥ በኩል እስከ ባትና እግር ጣት እንደ ኤሌክትሪክ ሲወርድ፣ መደንዘዙም እየጨመረ ሲሄድ። ሦስተኛ፣ ገና በወጣትነቷ ከሦስት ወር በላይ ወገቧን የሚያማት፣ ጠዋት ስትነሣ ደርቃ ለረጅም ጊዜ የማትፍታታ፣ ስትሠራ የሚሻላት ስታርፍ የሚብስባት ሴት ስትሆን። ይህ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል የውስጥ ደዌ ወይም የመገጣጠሚያ ሐኪም ያየዋል።

ነርቭ ከተነካ የነርቭ ሐኪም፣ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ የአጥንት ወይም የነርቭ ቀዶ ሐኪም ይመለከታል። ፊዚዮቴራፒስትንም አንርሳ። ለአብዛኞቻችን ከቢላ ይልቅ የሚጠቅመን ትክክለኛውን እንቅስቃሴ የሚያስተምረን ባለሙያ ነው። የዲስክ መንሸራተት የተባለ ሁሉ ለቀዶ ሕክምና አይዳረግም፤ አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ይሻለዋል።

ስለ ኤምአርአይ አንድ ነገር ልበል። ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች አከርካሪ ያዩ ጥናቶች፣ ከሃያ ዓመት ወጣቶች ከመቶ 37ቱ፣ ከሰማንያ ዓመት አረጋውያን ደግሞ ከመቶ 96ቱ ዲስካቸው አርጅቶ መታየቱን አሳይተዋል። እንግዲህ ሥዕሉ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል ስለተጻፈ ብቻ ሕመሙ ከዚያ መጣ ማለት አይቻልም። ሥዕሉ የሚጠቅመው የአደጋ ምልክት ሲኖር ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው። «ለማንኛውም ልነሣ» ብለን ራሳችን ሄደን የምንከፍልበት ነገር አይደለም።

ስለ ማስታገሻና ስለ ወጌሻ

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ይረዳሉ። ለሳምንታት ሲደጋገሙ ግን ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ይጨምራሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ያለባት ሴት ሳትጠይቅ አትውሰድ። ከእርግዝና አጋማሽ በኋላ ደግሞ ለፅንሱ ጎጂ ናቸው። ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ የምንወጋው «የወገብ መርፌ» ውስጥ ዴክሳሜታዞን ሊኖር ይችላል። ለጊዜው ያሽራል፣ በተደጋገመ ቁጥር ግን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የተደበቀ ቲቢን ያባብሳል።

ወጌሻን በጅምላ አልነቅፍም። ቀላል ማሸት ጡንቻን ሊያፍታታ ይችላል። ነገር ግን በተሰበረ፣ ቲቢ በበላው ወይም በሳሳ አከርካሪ ላይ መቆም፣ መጠምዘዝና መጎተት ኅብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የአደጋ ምልክት ያላት ሴት አትታሽ።

ስትሄዱ ምን ትይዛላችሁ?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆናችሁ መታወቂያችሁን ያዙ፤ መዋጮውም በጊዜው መታደሱን አረጋግጡ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳንይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄድን ወጪው ወደ ኪሳችን ሊመለስ ይችላል። የድሮ ራጅና የመድኃኒት ካርቶኖች ይዛችሁ ሂዱ። ለሐኪሙም አምስት ነገር ንገሩ፦ መቼ ጀመረ፣ ወዴት ይወርዳል፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል ወይ፣ ክብደት ቀንሻለሁ ወይም አተኩሶኛል ወይ፣ ሽንቴና እግሬ እንዴት ናቸው። ሐኪሙ ካልጠየቀም ራሳችሁ ተናገሩ።

ማኅበራችን ምን ያድርግ?

ብዙዎቻችን ወደ ሐኪም የማንሄደው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ከሥራ መቅረት የአንድ ቀን ዳቦ ነው። ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየቡድኑ አንዲት አባል እነዚህን የአደጋ ምልክቶች በቃሏ ይዛ ሌሎቹን በየሳምንቱ በቁጠባ ስብሰባ ላይ ትጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከማኅበራዊ መዋጯችን ላይ ለድንገተኛ ሕመም ትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሌሊትም ቢሆን ያለ ስብሰባ ውሳኔ የሚወጣ ይሁን። ሦስተኛ፣ አንዲት አባል ሪፈር ስትጻፍላት ብቻዋን አትሂድ። አንዷ ትከተላት፣ ሌላዋ ጉልቷን ትጠብቅላት ወይም የታዘዘችውን እንጀራ ትጋግርላት።

ለደጋፊዎቻችንም የምለው አለኝ። የወገብ ሕመምን ለመቀነስ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ቁማ የምትጋግርበት ከፍ ያለ የምጣድ ማስቀመጫ፣ ጄሪካን የሚገፋበት ጋሪ፣ አቅም ለሌላት አባል የዓመት የጤና መድህን መዋጮ፣ ለሪፈር የትራንስፖርት ገንዘብ ብትደግፉን ብዙ ሴቶች ከሥራቸው ሳይለዩ ይቆያሉ።

እኅቶቼ፣ ቻይ መሆናችን ያስመሰግነናል። ነገር ግን የደነዘዘ እግርና ያመለጠ ሽንት የሚቻል ነገር አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ እነዚህ ምልክቶች ያሏት ካለች ስብሰባው ሲያልቅ አብረን እንሂድ። ጥያቄ ያላችሁም ቀርባችሁ ጠይቁኝ።